«ውሃ አይፈራም» የተባለው ኢርፎን፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ግንቦት ገብቶ ድሬ ስትግል ሰው ሁሉ ወደ ውሃ ይሸሻል፤ ኢርፎኑንም ጆሮው ላይ እንደሰካ ነው የሚሸሸው። ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ገመድ አልባ ኢርፎንና ውሃ ናቸው። የሚመሳሰሉትን አጣምሬ፣ የረዘሙትን አሳጥሬ፣ ስም ትቼ በሰፈር አቅርቤያቸዋለሁ። ዋጋ የጠየቃችሁኝን ግን አልመልስም። ጽፌ ሳልጨርስ ታይዋን በሚባለው ገበያችን ላይ ዋጋው ይቀየራል።

ከሳቢያን፦ «ሻጩ ‹ውሃ አይፈራም› ብሎ ማለልኝ። ካርቶኑ ላይም አይፒኤክስ 7 ይላል። ገንዳ ገባሁበት፣ ምንም አልሆነም። በሳምንቱ ደግሜ ገባሁ፣ የቀኙ ጭጭ አለ። ሻጩ ‹አንተ ነህ ያበላሸኸው› ይለኛል። ማነው ጥፋተኛ?»

ጥፋቱ ወደ ሻጩ ያደላል፤ ምሎ የሸጠው እሱ ነው። አንተም ግን ቁጥሩ ምን እንደሚል ሳትጠይቅ ነው የዘለልከው።

ያ ቁጥር የሚሰጠው አይኢሲ 60529 በሚባል ዓለም አቀፍ መለኪያ ነው። ሁለት አሃዝ አለው፤ የፊተኛው ለአቧራ፣ የኋለኛው ለውሃ። በአንዱ ቦታ ኤክስ ካየህ ያ ነገር ደረጃ አልተሰጠውም ማለት ነው። ስለዚህ አይፒኤክስ 7 ያለው ኢርፎን ስለ አቧራ ምንም ቃል አልገባልህም። በውሃው በኩል 4 ማለት ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውሃ ይችላል ነው፤ ካፊያ ቢመታው አይጎዳውም። 5 ደግሞ 6.3 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የቧንቧ አፍ በደቂቃ 12.5 ሊትር እየተለቀቀበት የተቋቋመ ነው። 7 አንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ 30 ደቂቃ ተነክሮ የወጣ ነው። 8 ከዚያም የከበደ ነው። ስንት ሜትር፣ ስንት ደቂቃ የሚለውን ግን አምራቹ ነው የሚናገረው፤ ሜትሩና ደቂቃው ያልተገለጸ 8 ብዙ አይጠቅምህም።

የመነከሩ ፈተና የሚደረገው በአዲስ ዕቃ ላይ፣ ንጹህና ዝም ባለ ውሃ ውስጥ ነው። ክሎሪን የለም፣ ላብ የለም፣ እጅ እግሩን የሚያወራጭ ሰው የለም። ደግሞ 7 ያገኘ ሁሉ 5ንም ያልፋል ብለህ አትቁጠር። መነከርና በግፊት መመታት ለየብቻ ነው የሚለኩት፤ ሁለቱንም ያለፈ ዕቃ ሁለቱም ይጻፍለታል። ከገንዳው ዳር ተወርውረህ ስትገባ ጆሮህን በጥፊ የሚልህ ውሃ ዝም ያለ ውሃ አይደለም።

ለድሬ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሙቀቱ ነገር ነው። በዚያ የአንድ ሜትር ፈተና ላይ በውሃውና በዕቃው መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ከ5 ዲግሪ እንዳይበልጥ ይደረጋል። አንተስ? ኢርፎኑን ገንዳው ዳር ሲሚንቶ ላይ አስቀምጠህ ቡና ትጠጣለህ፤ ፀሐዩ ለእጅ እስኪያስቸግር ያግለዋል፤ አንስተህ ጆሮህ ላይ ሰክተህ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ትጠልቃለህ። ውስጡ የታፈነው አየር ድንገት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም በመጋጠሚያው በኩል ውሃ ይስባል። የመጀመሪያው ቀን አለመሞቱ አያስደንቅም። የገባ ውሃ ሁልጊዜ ወዲያው አይገድልም፤ አንዳንዴ ውስጥ ውስጡን እያዛገ ሳምንት ይቆያል።

ይህ ሁሉ እንግዲህ ቁጥሩ እውነተኛ ሲሆን ነው። ኮፒ ዕቃ ላይ 7 ለማተም የሚያስፈልገው ቀለም ብቻ ነው። እኔ ካርቶኑን ትቼ ውስጡ የታጠፈችውን የመመሪያ ወረቀት ነው የማነበው። ካርቶኑ ላይ 7 ተጽፎ መመሪያው ላይ «ከውሃ ያርቁ» የሚል ኢርፎን በእጄ ገብቶ ያውቃል። ሁለቱ ሲጣሉ ወረቀቷን እመን። ኢርፎኑን ቻርጅ የሚያደርገው ኬዝ ደግሞ ለብቻው ደረጃ ካልተሰጠው በቀር በኢርፎኑ ቁጥር ውስጥ የለም፤ ኢርፎኑ 7 ሆኖ ኬዙ አንድ ጠብታ የማይችል ሊሆን ይችላል።

ከከዚራ፦ «ለጤናዬ ብዬ ዋና ጀምሬያለሁ። ስልኬ ገንዳው ዳር ነው፣ ኢርፎኑ ጆሮዬ ላይ። ጭንቅላቴ ከውሃ በላይ ሲሆን ይዘፍናል፣ ዝቅ ስል ይቆራረጣል፣ ቀጥሎ ዝም ይላል። ተበላሽቶ ይሆን?»

አልተበላሸም፤ ውሃው ነው። ብሉቱዝ የሚሠራው በ2.4 ጊጋ ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ማይክሮዌቭ ምድጃም በዚያው አካባቢ ይሠራል፤ የምድጃው ሥራ ደግሞ ምግቡ ውስጥ ያለውን ውሃ ማሞቅ ነው። ውሃ ይህን ሞገድ ይውጠዋል። ጆሮህ ጥቂት ሳንቲ ሜትር እንደጠለቀ ከስልክህ የሚመጣው ነገር ያልቃል። ስልኩን ውሃ በማያስገባ ከረጢት ጠቅልለህ ወገብህ ላይ ብታስረውም ያው ነው፤ በመሃል ያለው ውሃ አይቀንስም። ብሉቱዙ አምስት ይሁን ስድስት፣ ዋጋው ሺህ ይሁን አሥር ሺህ፣ ለውጥ የለውም።

ለዋናተኛ የተሠራው ዕቃ ብሉቱዙን ትቶ ዘፈኑን በሆዱ ይይዛል። ሾክስ የሚባለው ድርጅት ኦፕንስዊም የሚል አለው፤ 4 ጊጋ ባይት ይይዛል፣ እስከ 2 ሜትር ጥልቀት ለ2 ሰዓት ይቋቋማል፣ ብሉቱዝ ጭራሽ የለውም። ተከታዩ ኦፕንስዊም ፕሮ 32 ጊጋ ይይዛል፤ ብሉቱዝም አለው፣ እሱ ግን ለየብስ ነው። እነዚህ ጆሮ ውስጥ አይገቡም፤ ከጆሮ ፊት ለፊት ጉንጭህ አጥንት ላይ ተቀምጠው ንዝረቱን በአጥንት በኩል ያደርሱልሃል። ውሃ ውስጥ ጆሮህን በላስቲክ ወታፍ ስትደፍነው ድምፁ ከየብሱ ይበልጥ ይጠራል፤ መጀመሪያ የሚሞክረው ሰው ሁሉ ይገረማል።

አንድ ነገር ግን ሳትገዛ እወቅ። ወደነዚህ ዕቃዎች የሚጫነው ፋይል ነው። ቴሌግራም ላይ ያወረድካቸው ኤምፒስሪዎች ያለችግር ይገባሉ። በወር ከፍለህ ከምታዳምጥበት መተግበሪያ «ያወረድከው» ዘፈን ግን በቁልፍ የታሰረ ስለሆነ ከዚያው መተግበሪያ አይወጣም። ለዚህ ነው አንዳንዱ በስንት መከራ ከውጭ አስመጥቶ ባዶ ዕቃ ታቅፎ የሚቀረው።

ከሐረር፣ ጀጎል፦ «በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ አደርጋለሁ። ኤርፖዱን አውልቄ ኬዙ ውስጥ እከተዋለሁ፣ ስጨርስ መልሼ አደርጋለሁ። አንድም ቀን ውሃ ውስጥ ወድቆ አያውቅም። ሆኖም ዓመት ሳይሞላው የግራው ቻርጅ አልይዝ አለ።»

ወንድሜ፣ ከደረሱኝ ሁሉ የወደድኩት ጥያቄ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ውሃ የሚገድለው ሲነከር ብቻ ይመስለዋል።

ኬዙን ክፈትና ኢርፎኑ የሚቀመጥበትን ጉድጓድ በስልክህ ባትሪ እያበራህ ታች ድረስ እይ። ሁለት ወይም ሦስት የመርፌ ራስ የሚያህሉ የብረት ነጥቦች አሉ። የቀኙ ያብረቀርቃል። የግራው ላይ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነገር ጋግሮበት እንደምታገኝ እገምታለሁ። መንገዱ ይህ ነው፤ በእርጥብ እጅህ ወይም ውሃው ገና ባልደረቀ ጆሮህ ላይ ያለውን ኢርፎን ኬዙ ውስጥ ትከታለህ፣ ክዳኑ ግጭም ሲል ኬዙ ቻርጅ ማድረግ ይጀምራል። ትንሽ ውሃ፣ ከላብህ የመጣ ትንሽ ጨው፣ በላዩ ኤሌክትሪክ። ብረቱ ይበላል፤ አረንጓዴው የተበላው መዳብ ነው። ክዳኑ ስለተዘጋ እርጥበቱም መውጫ የለውም። አንድ ጊዜ ወንዝ ውስጥ ወድቆ በደንብ ከደረቀ ኢርፎን ይልቅ በየቀኑ እርጥቡን ኬዝ የሚገባው ቶሎ ይሞታል።

የሐረርና የድሬ ውሃ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ማንቆርቆሪያችሁን ግለጡና እዩ፤ ያ ነጭ ቅርፊት ጠብታው በደረቀበት ሁሉ ይቀራል፣ በድምፅ ማውጫዋ ወንፊት ላይም ጭምር። ድምፁ በአንድ ወገን እያነሰ የመጣባችሁ ሰዎች ግማሹ የጆሮ ኩክ፣ ግማሹ ይህ ነው።

ጆሮም ስለሚታበስ ማውለቁ አይቀርልህም። እንግዲያው ቧንቧው ጋ ሳትደርስ በደረቅ እጅህ አውልቀህ ኪስህ ክተተው። መልሰህ የምታደርገው እጅህንም ጆሮህንም በፎጣ ካደረቅህ በኋላ ይሁን። አሁን የጋገረውን ለማጽዳት ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል በጆሮ ጥጥ ጫፍ ነካ አድርገህ፣ ጨምቀህ፣ ነጥቦቹን ብቻ ጥረግ። አታፍስስበት፤ ፋርማሲ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ 70 በመቶ ነው፣ ቀሪው ውሃ ነው። ክዳኑን ክፍት አድርገህ አሳድረውና በማግስቱ ሞክር። ሊነሳ ይችላል። ብረቱ ተበልቶ ጎድጉዶ ከሆነ ግን ኬዙን ብቻ ቀይር፤ ኢርፎኑ ብዙ ጊዜ ደህና ነው።

ከአዲስ ከተማ፦ «ሩዝ ውስጥ ልቅበረው ወይ?»

ሩዙን ብላው። ከደረቅ አየር የተሻለ ውሃ አይስብም፤ ዱቄቱ ግን ወንፊቷ ውስጥ ይገባል። ድሬ ደግሞ አየር ይጎድላት ይመስል! በጥላ ሥር፣ በንፋስ መንገድ ላይ ወይም ቬንትሌተር ፊት፣ ወንፊቷ ወደ ታች ዞራ አንድ ሙሉ ቀን ተወው። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋ ሲሊካ ጄል ካለችህ በተዘጋ ዕቃ አብረህ ክተታት፤ እሷ በእርግጥ ትሠራለች። ፀሐይ ላይ አታስጣው፣ የፀጉር ማድረቂያም አታስጠጋበት። ከሁሉም በላይ «ይሠራ ይሆን?» ብለህ ቻርጅ አትሰካበት። በውሃ ምክንያት ጠጋኝ ቤት ከሚሄደው ብዙው በዚያች ጉጉት የሞተ ነው።

ከደቻቱ ወዲህ ማዶ፦ «ጠዋት ጠዋት ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ እሮጣለሁ። ድምፅ የሚያፍን ኤርፖድ ነው ያለኝ፣ አይፒ 54 ይላል። ክረምት ሲገባ ዝናብ ቢመታኝ ይችላል?»

ኤርፖዱ ይችላል። እኔ የምፈራው ለአንተ ነው።

ቁጥሩን ቶሎ ልጨርስልህ። 54 ማለት አቧራው ገብቶ ሥራውን አያስተጓጉለውም፣ ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውሃም አይጎዳውም ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ባለ ዩኤስቢ ሲ ኤርፖድስ ፕሮ 2 ይህ ደረጃ አለው። የመጀመሪያውና ሁለተኛው ትውልድ ተራ ኤርፖድስ ግን ምንም የውሃ ደረጃ የላቸውም፤ ብዙ ሰው «ኤርፖድ ነው» ብሎ አንድ ላይ ይደምራቸዋል። አምራቹም ይህ መከላከያ ከጊዜ ጋር እንደሚዳከም፣ መልሶም እንደማይታደስ ይናገራል። ዝናብ ውስጥ ከሮጥክ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ጥረገውና ሳይደርቅ ኬዝ አታስገባው፤ ይኸው ነው።

አሁን ወደ አንተ። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው፤ ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ውሃው ሲመጣ ግን ከድሬ ሰማይ አይደለም የሚመጣው። የሚዘንበው ላይ፣ ደንገጎና የሐረርጌ ደጋ ነው። እዚህ ኮከብ እየታየ ከላይ የወረደው ጎርፍ አሸዋውን ሞልቶ ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የመጣው ከ200 በላይ ሰው ወስዷል፤ የድሬ ልጅ ሆኖ ይህን የማያውቅ የለም፣ አንተም ታውቃለህ። ጎርፍ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ድንጋይ እያንከባለለ ሲመጣ ያጉረመርማል፣ ከዳር ያለውም ሰው «ውጡ!» እያለ ይጮኻል። አንተ ደግሞ ብዙ ከፍለህ የገዛኸው ዕቃ ዋና ችሎታው እንዲህ ያለውን ወፍራም፣ የማያቋርጥ ጉርምርምታ ማጥፋት ነው። የአውሮፕላን ሞተርን ድምፅ የሚያጠፋልህ ነገር የጎርፍን አይለይም።

ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም አሸዋውን ተወው፤ ከዚራ ውስጥ የዛፍ ጥላ ያለበት ስንት መንገድ አለ። በሌላውም ወቅት ቢሆን ማፈኛውን አጥፍተህ የውጭ ድምፅ የሚያስገባውን ክፈት፣ ወይም አንዱን ጆሮ ባዶ አድርገው። ቅድም ያነሳሁት በአጥንት በኩል የሚያሰማው ዓይነት ጆሮህን ጨርሶ ስለማይደፍን ለሯጭ እሱ ይሻላል።

ከገንደ ቆሬ፣ የባጃጅ ሹፌር፦ «ቀኑን ሙሉ አንድ ጆሮዬ ላይ ነው። ላቡ ጎርፍ ነው። በየስንት ጊዜው ላጽዳው? ደግሞ ሳልፈልገው ከፊት መስታወቱ ሥር አስቀምጠዋለሁ።»

አንድ ጆሮ ማለትህ ደግ ነው፤ ሁለቱንም ደፍነው የሚነዱ አሉ። ላብ ከዝናብ ይከፋል፣ ጨው ስላለው። ማታ ስትገባ በንጹህ ውሃ በትንሹ የራሰ ጨርቅ ጥረገው፣ ቀጥለህ በደረቅ፤ ላስቲኩን አውልቀህ ለብቻ እጠበው። መስታወት ሥር ያለውን ልማድ ግን ዛሬውኑ ተው። ለኤርፖድ አምራቹ የሰጠው የማስቀመጫ ጣሪያ 45 ዲግሪ ነው፤ ሌላውም ኢርፎን ከዚህ ብዙ አይርቅም። በግንቦት ቀትር የቆመ ባጃጅ መስታወት ሥር ያንን ሲያልፍ ለማወቅ መለኪያ አያስፈልግም፣ እጅህን አስቀምጥበት። ሙቀቱ ባትሪውን ያደክማል፣ ውሃ የሚከለክለውን ሙጫና ላስቲክም ያላላል። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ 7 ይሁን 8 የካርቶን ጌጥ ነው።

የባጃጁ ሞተር ስለሚጮህ ድምፁን ሽቅብ እንደምትለጥጠው አልጠራጠርም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት ከ40 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል፤ 90 ከደረሰ 4 ሰዓት ብቻ ነው። የአንተ ሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

ከለገሃር፦ «በባቡር ጅቡቲ ልንሄድ ነው። ባሕር ውስጥ ይቻላል?»

የአምራቹ ወረቀት የባሕር ውሃን በስሙ ጠርቶ ካልፈቀደ አይቻልም። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ጨው አለ፤ ውሃው ሲተን ጨው እዚያው ይቀመጥና እርጥበት ባገኘ ቁጥር መብላቱን ይቀጥላል። ለዋና የተሠራ ከሆነ እንደወጣህ በንጹህ ውሃ አለቅልቀው፤ ሆቴል እስክትደርስ አትጠብቅ፣ አንድ ሃይላንድ ውሃ ይበቃዋል። ተራ ኢርፎን ከሆነ ቦርሳህ ውስጥ ዚፕ ባለው ላስቲክ ይቀመጥ። የባሕር ዳር አሸዋም ወንፊት ይደፍናል፤ ያንን በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ነው እንጂ በውሃ አታወጣውም።

ከሐረር፣ ሸዋ በር፦ «የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ ዋና ትማራለች። ከገንዳ እንደወጣች ኢርፎን ትሰካለች። አሁን ጆሮዋን እያሳከካት ነው፣ ስነካትም ታለቅሳለች።»

እህቴ፣ ይህ የኢርፎን ጥያቄ አይደለም፣ የሐኪም ነው። የጆሮዋን ቅጠል ሳብ ስታደርጊው ወይም ጆሮዋ ደጃፍ ያለችውን ጉብታ ስትጫኚ የሚያማት ከሆነ የጆሮ መተላለፊያው ቆዳ ተመርዞ ሊሆን ይችላል፤ በዋናተኞች ላይ የተለመደ ነው። ውሃ ውስጥ የቆየ ቆዳ ይላላል፣ እርጥቡ ላይ ኢርፎን ሲደፈንበት ሙቀቱና እርጥበቱ ለጀርም ይመቻል። እስክትታይ ድረስ ኢርፎኑም ዋናውም ይቁም። በጥጥ፣ በክብሪት እንጨት፣ በፀጉር ማስያዣ አትጎርጉሪ፤ ከጎረቤት የተገኘ ጠብታም አታድርጊላት፣ ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ ይጎዳታል።

ከዳነች በኋላ ከገንዳ ስትወጣ ጭንቅላቷን በየጎኑ ዘንበል አድርጋ ውሃውን ታፍስስ፣ በፎጣ ታድርቀው፣ ጆሮዋ እስኪደርቅ ትቆይ። የኢርፎኑን ላስቲክ በሳሙና አጥባችሁ አድርቁት። ከእህት ከወንድም ጋር መዋዋሱ ይቅር።

ከድሬ፣ ስም የለውም፦ «ሻወር ውስጥ አደርገዋለሁ፣ እስካሁን ምንም አልሆነም።»

እስካሁን። የሳሙና ውሃ ተራው ውሃ በማያልፍበት ስንጥቅ ያልፋል፤ እንፋሎት ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል፣ ያ ሁሉ ቁጥር በእንፋሎት አልተፈተነም። ስቲምና ሳውና ለምትገቡም መልሱ ይኸው ነው። ስልኩን ከበሩ ውጭ አስቀምጠህ በስፒከሩ ስማ።

ከመጋላ፦ «ለሐምሌ ገብርኤል ቁልቢ በእግር ልንሄድ አስበናል። መንገዱ ላይ መዝሙር ልስማ ብዬ ነው። ዝናቡስ?»

4 ያለው ይበቃሻል፣ ነጠላሽን ከደረብሽበት ደግሞ ያነሰም ያደርስሻል። የሚያሳስበኝ ኬዙ ነው፤ የጀርባ ቦርሳ ዝናብ ሲመታው መጀመሪያ የሚርሰው የውጭ ኪሱ ነው፣ ሁሉም ሰው ደግሞ ኬዙን እዚያ ነው የሚያስቀምጠው። በፌስታል ጠቅልለሽ ልብስሽ መሃል ክተቺው። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ የጭነት መኪናም ይበዛበታል፤ በአንድ ጆሮ ብቻ አድርጊ። መዝሙር በአንድ ጆሮም ይሰማል።

ከሐረር፦ «እናቴ የመስሚያ መርጃ ታደርጋለች። ፊቷን ስትታጠብ ረጠበባት። እንደ ኤርፖድ ነው የሚታየው?»

በአንድ ነገር ይለያል። ብዙ መርጃዎች በዚንክ ባትሪ ይሠራሉ፤ ያ ባትሪ የሚሠራው አየር እየሳበ ስለሆነ የባትሪው ቤት አየር ማስገቢያ ያስፈልገዋል። አየር በሚገባበት ደግሞ እርጥበትም መንገድ አያጣም። አሁኑኑ አጥፉት፣ የባትሪውን በር ክፈቱ፣ ባትሪውን አውጥታችሁ ጣሉ፣ መርጃውን በሩ ክፍት እንዳለ በጥላ አድርቁት፤ ሲሊካ ጄል ካገኛችሁ ይረዳል። ማታ ማታም በሩን ከፍቶ ማሳደር ጥሩ ልማድ ነው። ቻርጅ የሚደረግ ዓይነት ከሆነ የሚከፈት በር የለውም፤ ሳይደርቅ ቻርጅ ላይ አታስቀምጡት። በማግስቱ ካልሠራ የጆሮ ክፍል ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት እንጂ ለሞባይል ጠጋኝ አትስጡት። ለእናትህ ጆሮ የተስተካከለ ዕቃ ነው፤ ጠጋኙ ቢያስነሳው እንኳ ያንን ልክ አይመልሰውም።

ከሐረር፣ ፈረስ መጋላ፦ «አንዱ ኢርፎን ሮቶ ውስጥ ገባብኝ። ውሃ ከመጣ ሰንብቷል፣ ሮቶው ሙሉ ነው። ውሃውን እንድፋው?»

አትድፋው። ውሃ በተራ የሚመጣበት ሰፈር ሮቶ ሙሉ ውሃ እንዴት ይደፋል! መጀመሪያ ኢርፎኑን አውጣው፤ በእጅህ ካልደረስክበት ንጹህ የሻይ ወንፊት ረዥም እንጨት ላይ አስረህ ጨልፈው። ካወጣህ በኋላ ገላውን አገላብጠህ እይ። ያልተሰነጠቀ፣ ያላበጠ፣ ወዲያውም የወጣ ከሆነ ውሃው ላይ የሚያሰጋ ነገር አይታየኝም፤ ቅር ካለህ ለመጠጥ ከሌላ ጀሪካን ተጠቀም። ሲሰነጠቅ ወይም ሲያብጥ ግን ውስጡ ባትሪ አለ፤ ያንን ውሃ ለልብስና ለሽንት ቤት አድርገው፣ አይጠጣ፣ አይበሰልበት። ቀናት ካለፉትም እንደዚሁ።

ኢርፎኑን አድርቀህ በማግስቱ ሞክረው። ያበጠ ከሆነ ጭራሽ ቻርጅ አታድርገው፣ እሳትም ውስጥ አትጣለው። አንዱ ብቻ ከሞተ ብዙዎቹ ዓይነቶች በአንድ ጆሮ ይሠራሉ፤ ለጥሪ ይበቃሃል። ታይዋን ላይ ነጠላውን የሚሸጡ አሉ፤ ሞዴሉ አንድ ዓይነት መሆኑን እዚያው ቆመህ ከራስህ ኬዝ ጋር አጣምረህ ሳትሰማ ብር አታውጣ።